ሃያ አምስተኛው ቃል

"ሮትኮ! ሮትኮ! ኮቱ፣ ኮቱ!"

መብራት የጠፋው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የጮኸው የማቅለሚያ ክፍሉ ሽማግሌ ሱፍያን ሲሆን በኦሮምኛ 'ኑ፣ ኑ' የሚለው ድምፁ ኮሪደሩን አቋርጦ ፍተሻ ክፍል ድረስ ተሰማ። ተሻለች የያዘችውን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ሮጠች። የጠረጴዛ ጓደኛዋ ደሄቦ የራሷን ጫማ ተረከዝ እንደረገጠች ተከተለቻት። ከማድረቂያው ሁለት ሰዎች፣ ከመጋዘኑ አንድ፣ ሻይ ሊጠጣ የወጣ አንድ የሽመና ሠራተኛ ጭምር መጡ። በዚህ ፋብሪካ ይህን ቃል ሰምቶ የሚቀመጥ ነባር ሠራተኛ የለም። እሳት ተነሣ ቢባል እንኳ መጀመሪያ "የት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ሮትኮ ሲባል ግን መሮጥ ብቻ ነው።

ማቅለሚያ ክፍሉ ውስጥ ስድስት ትልልቅ የጨርቅ ጥቅሎች ላስቲክ ለብሰው በየዘንጋቸው ላይ ተጋድመዋል። ቀለም የጠጣ ጨርቅ እንዲህ ተጠቅልሎ አንድ ሙሉ ቀን በዝግታ ሲዞር መቆየት አለበት። መብራት ሲጠፋ መዞሩ ይቆማል፤ መዞሩ ሲቆም ገና ያልያዘው ቀለም ወደ ታች ይወርዳል። ጥቅሉ ከላይ ይፈዛል፣ ከታች ይደምቃል። በኋላ ሲፈታ ጨርቁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴ ደማቅ፣ አንዴ ፈዛዛ ሆኖ ይገኛል። ፋብሪካው ጄኔሬተር አለው፤ የሚበቃው ግን ለሽመናውና ለቢሮዎቹ ነው። የማቅለሚያው ጄኔሬተር የሰው ክንድ ነው።

ተሻለችና ደሄቦ የሦስተኛውን ጥቅል እጀታ በየበኩላቸው ይዘው ማዞር ጀመሩ። ግንቦት ነው። ማራገቢያዎቹም አብረው ቆመዋል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የተሻለች ቀሚስ ጀርባዋ ላይ ተጣበቀ። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትከሻዋ እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን ይህን ለማንም አትናገርም።

"ቀስ እያላችሁ!" አለ ሱፍያን ከወዲያ ጥግ የራሱን ጥቅል እያዞረ። "ውድድር አይደለም አቦ። አንድ ዓይነት ፍጥነት!"

"ማክሰኞም ጠፍቶ ነበር አሉ" አለች ተሻለች።

"ጠፍቶ ነበራ! እኔ ለቅሶ ሁርሶ ሄጄ፣ አንቺ እረፍት ላይ። የነበሩት አዲሶቹ ናቸው።"

"ታዲያ አልጠሩም?"

"ማን ይጠራል? ሰኞ የጉድለት ስም ዝርዝር ተለጥፎ! 'ከዝርዝሩ ውጪ ቃል አትጠቀሙ' ተባሉ። የነበረችውን አንዲት ጥቅል ማንም ሳይነካት መብራት እስኪመጣ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ወላሂ፣ ቁጭ ብለው!" ሱፍያን ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። "ዛሬ ታጥባ ደርቃ ወዳንቺ ትመጣለች። ያኔ ታያታለሽ።"

መብራቱ ከሃያ ሁለት ደቂቃ በኋላ መጣ። ማራገቢያዎቹ እየተንቋቁ ተነሡ። ደሄቦ እጀታውን ለቅቃ መዳፎቿን ተመለከተችና ሳቀች።

"በእነዚህ እጆች ነው ዛሬ ፈተና የምጽፈው?"

ፈተናው የተሻለችን እንቅልፍ ከወሰደ ሳምንት ሆኖታል። ከሦስት ወር በፊት ይሳቅ የሚባል ወጣት የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ሆኖ ከአዲስ አበባ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። የመጣ ቀን "ወይዘሮ ተሻለች፣ ይቀመጡ" ሲላት ወደ ኋላዋ ዞራ ማንን እንደሆነ ፈልጋለች፤ ከዚያ "እዚህ አገር አንቺ ነው የሚባለው፤ እርስዎ ስትለኝ የታመምኩ ይመስለኛል" ብላው ሁለቱም ስቀዋል። እሱ ግን እስካሁን እርስዎ ማለቱን አልተወም። ይሄው ይሳቅ አዲስ የውጭ ደንበኛ ይዞ መጣ፤ ደንበኛው ደግሞ ጨርቁን የሚፈትሹት ሰዎች የጉድለቶቹን ስም በእንግሊዝኛ አውቀው ምስክር ወረቀት የያዙ እንዲሆኑ ፈለገ። አሥር ቁራጭ ጨርቅ ይቀርባል፤ የእያንዳንዱን ጉድለት ስም መጻፍ ነው። ዘጠኝ ያገኘ ያልፋል። የወደቀ ወደ ፈትል ክፍል ይመለሳል።

ፈትል ክፍል ማለት ለተሻለች የሥራ ቦታ ስም አይደለም፤ የበሽታ ስም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጥጥ ስትፈትል ኖራለች። ብናኙ ቅንድቧ ላይ እንደ ዱቄት ያርፍ ነበር፤ ቅንድብ ላይ ያረፈው ይታጠባል፣ ደረት ውስጥ የገባው ግን ቤት ድረስ አብሯት ይሄዳል። ተኝታ ትንፋሽ አጥሯት ስትነሣ ልጇን ቢታንያን ውሃ ይዛ አጠገቧ ቆማ የምታገኝበት ጊዜ ነበር። ሐኪሙ "ወይ ሥራውን ወይ ሳንባሽን ምረጪ" ሲላት ለምና፣ ደጅ ጠንታ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ወደ ፍተሻ ተዛወረች። ሳሉ በስድስት ወር ውስጥ ለቀቃት። ከዚያ ወዲህ ፈትል ክፍል ደጃፍ ስታልፍ ሳታውቀው ትንፋሿን ትይዛለች።

እንግሊዝኛው የመጣውም ያኔ ነው። የማቅለሚያ ማሽኖቹን ሊተክል ከቤልጂግ የመጣ ሙሴ ዣክ፣ አቶ ዣክ እንደ ማለት፣ የሚባል ቀጭን ሽማግሌ ስምንት ወር አብሯቸው ሠራ። እሁድ እሁድ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ወንበር ዘርግቶ ሥዕል ይሥል ነበር። ማሽኖቹ ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት መብራት ጠፋና አንድ ሙሉ ጥቅል ተበላሸ። ሁሉም ስድብ ሲጠብቅ ሙሴ ዣክ ከጨርቁ ሦስት ሜትር አስቆርጦ ግድግዳ ላይ አሰቀለው። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ "ሮትኮ" አለ፤ ተነሥቶም በጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፈው። ወደ አገሩ ሲመለስ ያንን ጨርቅ አጣጥፎ ሻንጣው ውስጥ ከተተ። የተበላሸ ጨርቅ ምን ሊያደርግለት ነው ብለው ሲስቁበት ሰነበቱ።

ተሻለች ቃሉን ከሰሌዳው ላይ ገልብጣ ከቀዳዳው ሆል፣ ከእድፉ ስቴይንና ከእጥፋቱ ክሪዝ ቀጥላ ደብተሯ ላይ አሰፈረችው። ደብተሯ ውስጥ ሃያ አምስት ቃላት አሉ። ከሁሉም የምትወደው እሱን ነው፤ ሌሎቹ የጉድለቱን ስም ይነግሩሃል እንጂ ምን እንደሚደረግ አይነግሩህም። ካርድ ላይ "ሮትኮ" ተብሎ ሲጻፍ ግን ከማቅለሚያ እስከ መቁረጫ ያለ ሰው ሁሉ ነገሩ ይገባዋል፤ ጥቅሉ ሳይዞር ቆሟል፣ ጉድለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው፣ እንዳትቆርጡት፣ በጥቁር ሰማያዊ ደግማችሁ ንከሩትና ለሥራ ቱታ ይሁን። ከቢዮ አዋሌ መጥታ ፍተሻ ለገባችው ለደሄቦም ቃሉን ያስተማረቻት እሷው ናት። ሰኞ የይሳቅ ዝርዝር ተለጥፎ ስትቆጥረው ሃያ አራት ሆኖ ሲመጣባት የጻፈው ሰው አንዱን ረስቷል ብላ አሰበች። ልትነግረው ቢሮው ድረስ ሄዳ ስብሰባ ላይ ነው ብለው መለሷት። ደሄቦንም 'ተረስቶ ነው፣ ይጨመራል' ብላ አረጋግታት ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ቢታንያ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከፈተናው በፊት ቃላቱን ልታስጠናት ነበር ቀጠሯቸው። ከግቢው ውጪ ኒሙ ዛፍ ሥር ሳምቡሳ ከምትጠብሰው ሴት አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ቢታንያ ግን ዝርዝሩን አላወጣችም። አንድ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ እናቷ ጭን ላይ ወረወረችው።

"ምንድነው?"

"የእንግሊዝኛ ድርሰቴ። በቀይ የተከበበውን እዪው።"

ተሻለች አየችው። በቀይ የተከበበው ቃል ለዓይኗ አዲስ አልነበረም። "ታዲያ ምን ሆነ?"

"ደቻቱ ወንዝ በሞላ ማታ ሰማዩ እንዴት እንደነበረ ጻፍኩ። ቀለሙን ሮትኮ ነበር ብዬ። ሮትኮ ማለት አንዱ ቀለም ድንበር ሳይኖረው ሌላው ውስጥ ሲገባ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሻ!"

"ልክ ነው። ታዲያ እሱን ነው የጻፍሽው።"

"የሰው ስም ነው እማዬ!"

ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴት ቀና ብላ አየቻቸው። ቢታንያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"የሠዓሊ ስም ነው። የሞተ ሠዓሊ። መምህሩ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበው። 'ሰማዩ አቶ እገሌ ነበር ብላ ነው የጻፈችው' ብሎ አብራራላቸው። ትምህርት ቤቱ በሙሉ አሁን ሮትኮ ነው የሚለኝ። ጥበቃው ሳይቀር!"

"ይሄ መምህር ፋብሪካ ገብቶ ያውቃል?"

"እንኪ።" ቢታንያ ስልኳን ዘረጋችላት።

ተሻለች ስልኩን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ያዘች። አራት ማዕዘን ነገር ነው። ከላይ ቀይ፣ ከታች ጠቆር ያለ ቀይ፣ መሐሉ ላይ ሁለቱ ቀለማት እርስ በርስ የሚጠጣጡበት ፈዛዛ መስመር። መስተዋቱ ቆሽሾ እንደሆነ ብላ በአውራ ጣቷ ጠረገችው። አልቆሸሸም።

"ይሄማ ጥቅሉ ቆሞ ነው" አለች።

"ሥዕል ነው።"

"ሥዕል መሆኑን አያለሁ። የላይኛው ወደ ታች ወርዷል፤ ተመልከቺው። ግማሽ ሰዓት ቢቆም ነው።"

ቢታንያ መናደዷን ረስታ ሳቀች። "በሚሊዮን ዶላር ነው የሚሸጠው።"

"የፈተሸው ሰው የለማ።"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ተሻለች ላይ ብዙ አልቆየም። ሙሴ ዣክ ወንበር ስቦ የተቀመጠው፣ ዝም ብሎ የቆየው፣ ጨርቁን አጣጥፎ የወሰደው አሁን ገባት። ሽማግሌው የጉድለት ስም ሊያስተምራቸው አልነበረም፤ የሚወደው ሰው ትዝ ብሎት ነው። እሷ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየካርዱ ላይ የማታውቀውን ሰው ስም ስትጽፍ ኖራለች። ስንቱ የተማረ ሰው አይቶት በልቡ ስቆባት ይሆን? ፊቷ ጋለ። እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብላ ለልጇ ያስተማረቻት አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷም ይህች ሆነች። አፈረች፤ በልጇ ፊት ማፈሯ ደግሞ ከሁሉም ባሰባት።

"ታዲያ ይህ ጉድለት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?" አለች ቀስ ብላ።

ቢታንያ የይሳቅን ዝርዝር አውጥታ በጣቷ ወረደችበት። "ሼድ ቫሪዬሽን። የቀለም ልዩነት። ከዚህ ሌላ የሚቀርብ የለም።"

"እሱማ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ምን እንደሚል እዪ፤ 'ይቆረጥ' ነው የሚለው። ሮትኮ አይቆረጥም።"

"እማዬ፣ ሼድ ቫሪዬሽን ብለሽ ጻፊ።" ቢታንያ ወረቀቱን አጠፈችው። አሁን አትስቅም። "ሳልሽን አልረሳሁትም። ቁጭ ብለሽ ስትተኚ፣ ግድግዳውን ተደግፈሽ። ፈትል ክፍል ከተመለስሽ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ማን ውሃ ያቀብልሻል? ዝም ብለሽ ጻፊና እለፊ።"

ከግቢው ውስጥ የምሳ ማብቂያ ደወል ተሰማ።

ስትደርስ ተፈታኞቹ ረጅሙን ጠረጴዛ ይዘው ቆመዋል። አምስት ናቸው። ደሄቦ አጠገቧ ቦታ ይዛላት ነበር። ተሻለች ልትነግራት አፏን ስትከፍት ይሳቅ "ከአሁን በኋላ መነጋገር የለም" አለ። ቀጥሎም ደንቡን ከወረቀት ላይ አነበበ።

"ምስክር ወረቀት ያገኘ ፈታሽ ከሃያ አራቱ ቃላት ውጪ ካርድ ላይ ከጻፈ ምስክር ወረቀቱ ይሰረዛል። ይሄ ደንበኛው የጠየቀው ነው፤ የእኔ ክፋት አይደለም። ግልጽ ነው?"

ግልጽ ነበር። ተሻለች ከአንደኛው ቁራጭ ጀመረች። ቀዳዳ፣ የዘይት እድፍ፣ የላላ ክር፣ እጥፋት። እነዚህን ጉድለቶች በጨለማ በጣቷ ዳብሳ ታውቃቸዋለች። ሰባተኛው ቁራጭ ላይ ስትደርስ ቆመች። አረንጓዴ ነው፤ ከላይ ደማቅ፣ እየፈዘዘ የሚሄድ። ከአጠገቧ ደሄቦ ሳታመነታ ስትጽፍ የብዕሯ ድምፅ ተሰማት። ሁለት ረጃጅም ቃል ለመጻፍ የሚፈጅ ጊዜ ሳይሆን ስድስት የእንግሊዝኛ ፊደል ለመጻፍ የሚፈጅ ጊዜ ነበር፤ ተሻለች እያንዳንዱን ፊደል አብራ ቆጠረች። እህ ብላ መሳል ትችል ነበር። የደሄቦን እግር መርገጥ ትችል ነበር። ይሳቅ ፊት ለፊቷ ቆሟል። አጎንብሳ "ሼድ ቫሪዬሽን" ብላ ጻፈች።

ሲወጡ ደሄቦ ክንዷን ያዘቻት። "ሰባተኛዋ ግን ስጦታ ነበረች አቦ! አራተኛዋ ናት ያስቸገረችኝ።"

"እ" አለች ተሻለች።

ውጤቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ይሳቅ ስም እየጠራ ነገራቸው። ተሻለች አሥር ከአሥር። "ወይዘሮ ተሻለች፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ ከእርስዎ አልጠበቅሁም ነበር" አለና ምስክር ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣት። ደሄቦ ስምንት። አራተኛውን ስታለች፤ ሌላው ሰባተኛው ነው።

"ሮትኮ የሚባል የእንግሊዝኛ ቃል የለም" አላት ይሳቅ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። "ሠዓሊ ነው። ከየት እንዳመጣችሁት እኔ አላውቅም፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ሰኞ ፈትል ክፍል ሪፖርት ያደርጋሉ።"

ኮሪደሩ ላይ ደሄቦ ቆመች። እንደ ወትሮዋ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

"አንቺ ሰባተኛዋን ምን ጻፍሽ?"

"ሼድ ቫሪዬሽን።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ምሳ ሰዓት ላይ። ቢታንያ ነገረችኝ። ልነግርሽ ስመጣ 'መነጋገር የለም' አለ።"

"ትከሻ ለትከሻ ነው የቆምነው ተሼ።"

ተሻለች አፍራ እንደነበር፣ ቃሉን ያስተማረቻት እሷ መሆኗን ጮክ ብላ ማመን እንዳቃታት ልትናገር ፈለገች፤ ግን አሥር ከአሥር ያገኘ ሰው ይህን ሲናገር እንዴት እንደሚሰማ አወቀችው። ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ሥራ አለ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ደሄቦም ገና የፍተሻ ሠራተኛ ናት።

የማክሰኞዋ ጥቅል አሥር ሰዓት ላይ በጋሪ መጣች። ውሃ ሰማያዊ ጨርቅ ነው፣ ስድስት መቶ ሜትር። ከሥሩ መብራት በሚበራው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት፤ ተሻለች አንዱን ጠርዝ፣ ደሄቦ ሌላውን ይዘው መሳብ ጀመሩ። አንድ ሜትር ያህል ደመቀ። ቀጥሎ እየሳሳ፣ እየሳሳ ፈዘዘ። ደግሞ ደመቀ። ደግሞ ፈዘዘ። የቱ ጋ ደምቆ የቱ ጋ እንደፈዘዘ ጣትህን አስቀምጠህ ልታሳይ አትችልም። ጨርቁ ከሥሩ በርቶበት ሲታይ ያምር ነበር፤ ተሻለች በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌው ለምን ወንበር እንደሳበ ዓይኗ አየ።

"ሮት..." አለች ደሄቦ በልማድ፤ ከዚያ አፏን በመሐረቧ ጫፍ ሸፈነች።

ተሻለች አዲሱን ካርድ ወሰደች። በድሮው ካርድ ላይ ከጉድለቱ ስም ሌላ የሚጻፈው የጠረጴዛ ቁጥር ብቻ ነበር። አዲሱ ሁለት መስመር አለው፤ ከላይ "የጉድለቱ ስም"፣ ከሥሩ "የፈታሽ ስምና ፊርማ"። ከላይኛው መስመር ላይ ሼድ ቫሪዬሽን ብላ ከጻፈች ቆራጮቹ ደንቡን ተከትለው የደመቀውን ከፈዘዘው ይለያዩታል። ስድስት መቶ ሜትር ጨርቅ የክንድ ርዝመት በሌላቸው ቁርጥራጮች ተከምሮ በኪሎ ይሸጣል። ማንም እሷን አይጠይቃትም። ወደፊትም መብራት በጠፋ ቁጥር አዲሶቹ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ሱፍያን ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ቀርቶታል፤ እሷም ምስክር ወረቀቷን ይዛ በንጹህ አየር እየተነፈሰች ሼድ ቫሪዬሽን፣ ሼድ ቫሪዬሽን እያለች ትጽፋለች።

ደረቷን በእጇ ነካች። አልሳለችም። ሳል አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ፈራች። የፈትል ክፍሉ በር፣ ቅንድብ ላይ የሚያርፈው ነጭ፣ ግድግዳ ተደግፎ ማደር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቷ መጣ። ከዚያ ካርዱን ጨርቁ ላይ አስደግፋ ስድስቱን የሮትኮ ፊደላት ሙሴ ዣክ በሰሌዳው ላይ እንደጻፈው በትልልቁ ጻፈች።

ደሄቦ ከወዲያ በኩል አንገቷን አስግጋ አየች። "አበድሽ እንዴ? ይሰርዝብሻል! ምስክር ወረቀትሽ ገና ማኅተሙ አልደረቀም!"

"የሰው ስም መሆኑን አውቃለሁ። ለይሳቅ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። ጨርቁንም አሳየዋለሁ፣ የሱፍያንን ጥቅሎችም አሳየዋለሁ። ማን እንዳስተማረሽም እነግረዋለሁ።"

"ባይሰማሽስ?"

ተሻለች የይሳቅን ነገር አታውቅም፤ ክፉ አለመሆኑን ታውቃለች፣ ደንበኛውን እንደሚፈራም ታውቃለች። የቱ እንደሚያይል ዛሬ ይታያል።

"ሂጂ ጥሪልኝ" አለች። "ይሳቅንም፣ ሱፍያንንም፣ ቆራጮቹንም።"

"ምን ብዬ?"

"ሁልጊዜ እንዴት ነው የምንጠራራው?"

ደሄቦ ጣሪያው ላይ ወደሚበሩት አምፖሎች ቀና ብላ አየች። ሁሉም በርተዋል። ከዚያ ወደ ተሻለች አየች፤ ፊቷ ላይ ያለው ቂም ሙሉ በሙሉ አልሄደም፣ ግን ትንሽ ቦታ ለቀቀ። መሐረቧን አጠበቀችና በሩ ላይ ሄዳ ቆመች።

"ሮትኮ!" ብላ ጮኸች ወደ ኮሪደሩ። "ሮትኮ! ኮቱ!"

በመጀመሪያ ጸጥ አለ። መብራት እያለ ይህን ጥሪ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቀጥሎ ከማድረቂያው በኩል አንድ እግር ሲሮጥ ተሰማ፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። ፎቅ ላይ የይሳቅ ቢሮ በር ተከፈተ። "ምንድነው? ምን ተፈጠረ?" የሚል ድምፁ መጣ፤ ደረጃውንም ሲወርድ ተሰማ።

ተሻለች ወደ ካርዱ አጎነበሰች። የታችኛው መስመር ገና ባዶ ነበር። ከሠዓሊው ስም ሥር "ተሻለች ክፍሉ" ብላ ጻፈችና ፈረመች።